ወንፈል በክፍል ውስጥ

ከጎንደር በዳባት አድርጋችሁ ወደ ደባርቅ ስትወጡ ወራቱ የአጨዳ ከሆነ፣ አንድ የገብስ ማሳ ላይ ብዙ ሰው ተሰልፎ ሲያጭድ ታያላችሁ። ማሳው የአንድ ሰው ነው፤ አጫጆቹ ጎረቤቶቹ ናቸው። ደቦ ይሆናል፣ ወይም ወንፈል። በደቦ ባለማሳው ሰው ይጠራል፣ ያበላል፣ ያጠጣል። ወንፈል ከሆነ ግን ዛሬ የተሠራለት ሰው ነገ በተራው ሄዶ ይመልሳል። የእያንዳንዱ ጉልበት ይቆጠራል፤ የቀረም ይታወቃል።

ልጆችን መተባበር የማስተማር ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው!

ተማሪን አምስት አምስት አድርጎ ማስቀመጥ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ «አንድ ለአምስት»ን የማያውቅ የለም። ግን አንዷ ጎበዝ ሥራውን ሁሉ ሠርታ ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ካስጻፉ፣ ቡድን አለ እንጂ ወንፈል የለም።

መፍትሔውን የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊየት አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ በኦስቲን ከተማ ሞክሮታል። ነጭ፣ ጥቁርና ከላቲን አሜሪካ ቤተሰብ የተወለዱ ልጆች ገና አንድ ክፍል መማር ሲጀምሩ ጠብ በዝቶ ነበር። አሮንሰንና ባልደረቦቹ ትምህርቱን ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ክፋይ ብቻ ሰጡት። ሙሉውን ማወቅ የሚፈልግ ጓደኛውን ማዳመጥ ግድ ሆነበት።

እስቲ ይህን ደባርቅ እናምጣው። የአራተኛ ክፍል ትምህርት ስለ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይሁን። ከአምስቱ ልጆች አንዱ ዋልያን ይይዛል፤ ሁለተኛዋ ሣር እየነጨ የሚኖረውን ጭላዳ፤ ሦስተኛው ቀይ ቀበሮን፤ አራተኛዋ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞተውን ጅብራ፤ አምስተኛው ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. እንዴት የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ እንደሰፈረ።

ከዚያ የምወደው ደረጃ ይመጣል። ከየቡድኑ ዋልያ የደረሳቸው ልጆች ለብቻቸው ተሰብስበው ያነባሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ ለጓደኞቻቸው እንዴት እንደሚያስረዱ ይለማመዳሉ። ዓይን አፋሩ ልጅ ወደ ቡድኑ የሚመለሰው ተዘጋጅቶ ነው። እዚያ ከእሱ በቀር ስለ ዋልያ የሚነግራቸው ስለሌለ ሁሉም ጆሮውን ይሰጠዋል። በመጨረሻ ፈተናው ለየብቻ ነው፤ በአምስቱም ርዕስ ሁሉም ይጠየቃል። ስለዚህ ጓደኛውን ያላዳመጠ ራሱን ይጎዳል፤ በደንብ ያላስረዳ አራት ጓደኞቹን።

መምህሩስ? ከቡድን ቡድን እየዞረ ያዳምጣል፤ አንዱ ብቻ ሲናገር ካየ ዝም ያለችውን ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ልጆቹ ተራ መጠበቅን የሚለምዱት ግን እየደጋገሙ ነው።

ደግሞ ከባዶ አይጀምሩም። በእነዚህ ተራሮች ግርጌ ከብት የሚጠብቁ ልጆች፣ ጨዋታቸው እንዳይቋረጥ ከብቱን በተራ ይመልሳሉ። ተራው የደረሰው ልጅ ችላ ካለ ከብቱ የሰው ሰብል ውስጥ ይገባል፤ ጣጣው ለሁሉም ይተርፋል። መስክ ላይ የሚያውቁትን ይህን አደራ ክፍል ውስጥም እናስይዛቸው።