የቴፒ እርድና የተተካ ጉልበት

በቴፒ አካባቢ በብዛት የሚበቅለው እርድ አልጫችንን ከማሳመር አልፎ ለአጥንት ይጠቅማልን?

ጉልበቱ ወይም ዳሌው በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተተካለት ሰው ከዓመታት በኋላ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። መገጣጠሚያው ሲፋተግ ደቃቅ ብናኝ ይወጣል፤ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ብናኙን ሲዋጉ አጥንትን የሚያሟሙ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳሉ፤ አጥንቱ ይሳሳል፣ መገጣጠሚያውም ይላላል።

ኩርኩሚን የተባለው የእርድ ንጥረ ነገር ይህን ጉዳት እንደሚቀንስ በአይጦች ላይ ታይቷል። በሰው ላይ ግን አልተረጋገጠም፤ ከምንበላውም ወደ ደም የሚዘልቀው ጥቂቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ እርዱን በምግባችን እንብላው እንጂ የመድኃኒት ምትክ አናድርገው። በተለይ ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ወላጆቻችን አብዝተን በጥብጠን ብናጠጣቸው ለመድማት ልንዳርጋቸው እንችላለን። «ጉልበቴ ላላብኝ» ሲሉን ሳንዘገይ ወደ ሐኪም ወስደን ራጅ እናስነሣቸው። ወላጅን መኻደም ይህንንም ይጨምራል።