ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት፡- ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቤተሰብ የጤና ዝግጅት

በውጭ አገር በሚገኝ ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ሥራ ያገኘ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ቪዛ፣ ስለ ቤትና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። የጤና ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ለመጨረሻው ሳምንት ይተዋል። ይሁንና ከጤና ዝግጅቶች መካከል በገንዘብም ሆነ በልመና ማፋጠን የማይቻልባቸው አሉ። ክትባት በሰውነት ውስጥ ሥራውን ለመጀመር የራሱን ጊዜ ይፈልጋል።

ለአብነት በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ የሚገኘውንና እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመውን ዓለም አቀፍ የትሮፒካል ግብርና ምርምር ተቋም እንውሰድ። በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ የግብርና ተመራማሪ እዚያ ተቀጥሮ ከነቤተሰቡ ቢሄድ፣ ከባህር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ደጋማ ከተማ ወደ ሞቃትና ወበቃማ አካባቢ ነው የሚዛወረው። በዚያ አካባቢ ወባ ዓመቱን ሙሉ ይተላለፋል። ዝግጅቱም ይህንኑ ያገናዘበ መሆን አለበት።

በመጀመሪያ የሚነሳው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ናይጄሪያን ጨምሮ በርካታ አገሮች ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የክትባቱን የምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ። የምስክር ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ በመነሻው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ስለሆነ፣ ቀደም ሲል የተከተበ ሰው ካርዱን ፈልጎ መያዝ ይበቃዋል። ክትባቱ የሚዘጋጀው ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮች፣ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች፣ ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለባቸውና ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ አስቀድመው ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል። ከዘጠኝ ወር በታች ያሉ ሕፃናትም በመደበኛነት አይከተቡም።

የጉበት በሽታ የሆነው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ፣ በስድስት ወር ውስጥ ይወሰዳል። ስለሆነም የቅጥር ውሉ እንደተፈረመ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ተገቢ ነው። ጊዜው ቢያጥር እንኳ ከጉዞው በፊት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ መጀመር ይበጃል። የቴታነስ፣ የታይፎይድና የኩፍኝ ክትባቶችም በዚያው አጋጣሚ ይታዩ። ሥራቸው በመስክ ላይ የሆነ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ወደ ሰሜን ናይጄሪያ የሚመላለሱ ደግሞ ስለ ማጅራት ገትር ክትባት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ወባን በተመለከተ አንድ የተለመደ የተሳሳተ እምነት አለ። «እኔ ያደግሁት ቆላ ነው፤ ወባ ለምዶኛል» የሚሉ ጥቂት አይደሉም። ሆኖም በተደጋጋሚ በመያዝ የሚገኘው ከፊል የመከላከል አቅም ለዓመታት ወባ በሌለበት አካባቢ ሲኖሩ ይዳከማል። በመሆኑም በአጎበር መተኛት፣ ሲመሽ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ፣ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ መጠቀምና የመከላከያ መድኃኒትን በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ያስፈልጋል። ወባ በነፍሰ ጡሮችና በትንንሽ ልጆች ላይ ይበልጥ ስለሚከፋ፣ ባለቤቱ ያረገዘች ሠራተኛ ቤተሰቡ መቼ መሄድ እንዳለበት ከሐኪም ጋር ቢመካከር መልካም ነው።

በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1969 ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው የላሳ ትኩሳት በአይጥ ሽንትና እዳሪ በተበከለ ምግብና ዕቃ ይተላለፋል። ዋናው መከላከያው እህልንና ምግብን በሚከደን ዕቃ ማስቀመጥና አይጥ ወደ ቤት እንዳይገባ ማድረግ ነው።

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቢያንስ ለሦስት ወር የሚበቃ መድኃኒት ከነማሸጊያው ቢይዙ ይመረጣል። የመድረሻው አገር ስለሚፈቅደው የመድኃኒት ዓይነትና መጠንም አስቀድመው ያጣሩ። መድኃኒቱ የሚቀመጠው በእጅ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ በአውሮፕላን የተጫነ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። በማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ የንግድ ስሙ ከአገር አገር ይለያያልና። የመነጽር ቁጥርን፣ የደም ዓይነትን፣ የልጆችን የክትባት ካርድና የሕክምና ማስረጃዎችን ቅጂ መያዝም ይገባል። የታመመ ጥርስም ከጉዞ በፊት ይታከም።

በቅጥር ምርመራ ወቅት ሕመምን መደበቅ ለሠራተኛው አይበጅም። ያልተነገረ ሕመም በኋላ ሲነሳ የጤና መድን ሰጪው ወጪውን አልሸፍንም ሊል ይችላል። ከመፈረም በፊት መድኑ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ፣ የትዳር ጓደኛንና ልጆችን ያካትት እንደሆነ፣ ቀድሞ የነበረ ሕመምን ይቀበል እንደሆነና በከባድ ሕመም ጊዜ ወደ ሌላ አገር ማጓጓዝን ይሸፍን እንደሆነ ማንበብ ያስፈልጋል።

የአእምሮ ጤናም አይዘንጋ። ሠራተኛው ቢሮ ሲውል፣ ሥራዋን ትታ የተከተለችው ባለቤቱ ቤት ውስጥ ብቻዋን ልትቀር ትችላለች። እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭትና ከሰው መሸሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ እንደ ተራ ናፍቆት ማለፍ አይገባም፤ ባለሙያ ማማከር ይሻላል።

በመጨረሻም ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ሰዎች ይህን ያስታውሱ። ወባ ከትንኝ ንድፊያ በኋላ ከሰባት ቀን በፊት እምብዛም አይታይም፤ ከሳምንታት አልፎም ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ገብተው ትኩሳት ቢሰማዎ «ጉንፋን ነው» ብለው አይተኙ። በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሄደው «የመጣሁት ወባ ካለበት አገር ነው» ብለው ይናገሩ፤ ደምዎም ይመርመር። ሐኪሙ ከየት እንደመጡ ካላወቀ በደጋ ከተማ ወባን ቀድሞ ላይጠረጥር ይችላል። አደገኛው የወባ ዓይነት ደግሞ ሳይታከም ከቀረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።