ቀሪ ሂሳብ የማይጠብቅ ሻጭ ለምን ይቸኩላል?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ዌይቱልስ የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ቴክስትብሌድ ብሎ የሰየመውን የኪስ ኪቦርድ በ99 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። ዕቃው ሦስት ቁራጭ ነው፤ በማግኔት ይጋጠማል፣ ሲደራረብ ሱሪ ኪስ ውስጥ ይገባል። ፊደላቱ በሙሉ የተቀመጡት በስምንት ቁልፎች ላይ ነው። አንዱ ቁልፍ ጣት ያረፈበትን ቦታ እየለየ ብዙ ፊደል ይጽፋል። በስልኩ ረጅም ደብዳቤ ለመጻፍ ሞክሮ አውራ ጣቱ የዛለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ካርዱን ቢመዝ አይፈረድበትም።

ብዙዎችም መዘዙ። ሙሉውን ከፈሉ፤ ዕቃው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚላክ ተነገራቸው። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። አንዴ የማምረቻ ችግር ገጠመን ተባለ፤ ሌላ ጊዜ ሶፍትዌሩን እያሻሻልን ነው። ቆይቶ ኩባንያው ከከፈሉት መካከል ጥቂቶቹን መርጦ ለሙከራ ኪቦርዱን ሰጣቸው፤ ከሞከሩትም ብዙዎቹ ወደዱት። ለቀሩት ግን “በቅርቡ” እንደተባለ ዓመታት ነጎዱ። ዕቃው ለሰፊው ገበያ ሳይወጣ ቀረ።

እኔን የሚገርመኝ መዘግየቱ አይደለም። አዲስ ዕቃ አምርቶ ማውጣት ከባድ ነው፤ ናሙና መሥራትና አሥር ሺህ አንድ ዓይነት ዕቃ ማምረት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የሚገርመኝ ገንዘባቸውን መልሰው መውሰድ ሲችሉ ሳይወስዱ በምሬት የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። ተመላሽ ጠይቀው የወጡ አሉ። የቀሩት ግን ወረፋቸውን እንደ ንብረት ቆጠሩት። “ዛሬ ብወጣና ነገ ቢላክስ?” የሚለው ስጋት 99 ዶላሩን አስረሳቸው። የሞካሪዎቹ ምስክርነትም ነገሩን አባሰው፤ ዕቃው ጨርሶ የሌለ ቢሆን ኖሮ ገዢው በጊዜ ቁርጡን አውቆ ይገላገል ነበር። መኖሩ በተረጋገጠ ቁጥር መጠበቁ ትርጉም ያለው ይመስላል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ላሚቱን በዓይኑ ላየ ሰው ሲሆን ይበልጥ ይከፋል።

አሁን ሂሳቡን እንመልከት። ለስሌት ያህል፣ አንድ ሻጭ ከ10 ሺህ ሰው 99 ዶላር ሰበሰበ እንበል። 990 ሺህ ዶላር ነው። ይህን ገንዘብ በ10 በመቶ ወለድ ከባንክ ቢወስድ በዓመት 99 ሺህ ዶላር ወለድ ይከፍላል። ባንኩ በዚያ ላይ መያዣ ይጠይቃል፣ የሂሳብ መግለጫ ያስቀርባል፣ ቀን ሲያልፍ ይቀጣል። ከደንበኞቹ ሲወስድ ግን ወለድ የለም፣ መያዣ የለም፣ የመክፈያ ቀንም የለም። ደንበኛው ዕቃ የገዛ ይመስለዋል እንጂ ያደረገው ማበደር ነው፤ ያውም ያለ ወለድና ያለ ዋስ። ኩባንያው ቢከስር መያዣ የያዙት አበዳሪዎች ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ነው ተራው የሚደርሰው።

በሌላ በኩል የእያንዳንዱ ሰው ጉዳት ትንሽ ነው። 99 ዶላሩን በ5 በመቶ ወለድ ባንክ ቢያስቀምጠው በዓመት የሚያገኘው 5 ዶላር አይሞላም። ለምሳሌ በቴክሳስ እስከ 20 ሺህ ዶላር የሚደርስ ክርክር በሰፈር ዳኛ ፊት ያለ ጠበቃ ማቅረብ ይቻላል፤ ይሁንና ለመዝገብ ማስከፈቻ ብቻ ከ50 ዶላር በላይ ይወጣል። የዕቃውን ግማሽ ከፍሎ ስለ ዕቃው የሚከራከር ሰው ብዙ አይገኝም። ለብዙ ሰው በትንሽ በትንሹ የተከፋፈለ ኪሳራ ባለቤት የለውም። ሻጩ እጅ የተጠራቀመው ጥቅም ግን አንድ ባለቤት አለው።

ከዳላስ–ፎርት ዎርዝ አየር ማረፊያ በስተሰሜን ባለችው ግሬፕቫይን ከተማ፣ ዌስትፖርት ፓርክዌይ ላይ፣ ይህንኑ ቅድመ ሽያጭ በሌላ መንገድ ሲያካሂድ የኖረ ኩባንያ አለ፤ ጌምስቶፕ። የዘር ሐረጉ በ1984 ዳላስ ውስጥ ከተመሠረተው ባቤጅስ ከተባለው የሶፍትዌር ሱቅ ይመዘዛል። አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው በጃንዋሪ 2021 አክሲዮኑ ሰማይ ነክቶ ዎል ስትሪትን ባስደነገጠበት ወሬ ይሆናል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን የባንኮኒው አሠራር ነው። ገና ያልወጣ የቪዲዮ ጨዋታ የፈለገ ልጅ ሱቁ ገብቶ በተለምዶ 5 ዶላር ያስይዛል። ቀሪውን የሚከፍለው ዕቃውን ሲረከብ ነው። ሐሳቡን ከቀየረ 5 ዶላሩን ይወስዳል፣ ወይም ወደ ሌላ ጨዋታ ያዛውረዋል። በኩባንያው መዝገብ ላይም ያ ገንዘብ ዕቃው እስኪወጣ ድረስ የሚቀመጠው ዕዳ በሚለው በኩል ነው፤ ሽያጭ ተብሎ አይመዘገብም።

ጨዋታው 60 ዶላር ከሆነ 55ቱ ገና ደንበኛው ኪስ ውስጥ ነው። አምራቹም ቸርቻሪውም ያንን 55 ዶላር የሚያዩት ዕቃው ሲወጣ ብቻ ስለሆነ የሚቸኩሉት እነሱ ናቸው። የዛሬው ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ሻጭን የሚያስቸኩለው ገና ያልተከፈለው ገንዘብ ነው።

እርግጥ ችኮላም የራሱ መዘዝ አለው። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጨዋታ በ2020 መውጫ ቀኑ ከኤፕሪል ወደ ሴፕቴምበር፣ ከዚያ ወደ ኖቬምበር፣ በመጨረሻም ወደ ዲሴምበር 10 ተገፋ። የበዓሉ ገበያ ሳያልፍ ተብሎ ሲወጣ እንከኑ የበዛ ሆነና ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አውርዶ ለገዙት ገንዘብ እስከ መመለስ ደረሰ። ቀሪ ክፍያ ሻጩን እንዲሮጥ ያደርገዋል እንጂ ሥራውን አጥርቶ እንዲሠራ አያደርገውም።

የማይቸኩል ሻጭ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ከግሬፕቫይን ወደ ምሥራቅ፣ የእኛ ሰው በብዛት ወደሚኖርባት ጋርላንድ መሄድ ነው። ስሪዲ ሬልምስ የሚባለው የጋርላንድ ኩባንያ ዱክ ኑከም ፎርኤቨር የተባለውን ጨዋታ በ1997 አስታወቀ። መቼ ይወጣል ሲባል መልሱ “ሲያልቅ” የሚል ነበር። በ1996 ያወጣው የቀድሞው ጨዋታ ጥሩ ገንዘብ ስላስገኘለት ሥራውን በራሱ ኪስ ይደጉም ነበር፤ ስለዚህ ጨርስ ብሎ የሚያስገድደው የሂሳብ ምክንያት አልነበረም። ባለሙያዎቹ አዲስ ቴክኖሎጂ ባዩ ቁጥር የሠሩትን አፍርሰው ይጀምሩ ነበር። በ2009 ገንዘቡ አለቀና ቡድኑ ተበተነ፤ አሳታሚው ቴክ ቱም ከሰሳቸው። ጨዋታውን እዚያው ቴክሳስ ያለው ጊርቦክስ ተረክቦ በጁን 2011 አወጣው፤ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የደንበኛ ገንዘብ እጁ ላይ ያለ ሻጭና የራሱ ገንዘብ የተረፈው ሻጭ በዚህ ረገድ አንድ ናቸው። ሁለቱንም ነገ የሚጠብቃቸው ክፍያ የለም።

ይህን የእኛ አገር ነጋዴና አናጺ ሳይማር ያውቀዋል። ቁም ሣጥን ያዘዘ ሰው ቀብድ ይሰጣል፣ ቀሪውን ዕቃው ቤቱ ሲገባ ይከፍላል። አናጺው ሙሉውን ከጠየቀ ገዢው ፊቱን ያዞራል። ሕጉም ደንግጎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ሲናገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። እጥፍ! የአሜሪካው ሕግ ከሻጩ በአብዛኛው የሚጠብቀው የወሰደውን እንዲመልስ ነው። የእኛው ቀብድ ሁለቱንም ወገን እኩል ያስራል። ሙሉ ክፍያ ግን ቀብድ አይደለም። መቶ በመቶ የከፈለ ሰው እጥፍ የማስመለስ መብቱ ቀርቶ፣ ቀሪ ሂሳብ የመያዝ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ከ99 ዶላር ኪቦርድ ያለፈ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠበቀው በብር ነው። ሆላንድ ካር ሊፋን መኪና እየገጣጠመ አባይ በሚል ስም ሲሸጥ ቅድሚያ ከፍለው ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች ነበሩት። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ብር ከዶላር አንጻር ከ13 ብር ከ60 ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ወረደ። መለዋወጫው በዶላር ይገዛል፣ ደንበኛው የከፈለው በአሮጌው ብር ነው። በአንድ ሌሊት እያንዳንዱ ውል ኪሳራ ሆነ፤ ኩባንያውም ከዓመታት በኋላ ለኪሳራ ተዳረገ። እዚህ ላይ ማንም ሰው ክፉ መሆን አላስፈለገውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ ዛሬ በብር ሙሉ ከፍሎ ስድስት ወር መጠበቅ በምንዛሪ ቁማር መጫወት ነው፤ አብዛኛው ገዢ ደግሞ እየተጫወተ መሆኑን አያውቅም። ሻጩ “ዶላር ጨምሯልና ልዩነቱን ክፈል” ሲለው ነው የሚነቃው።

የመንግሥት የ40/60 ቤቶች ተመዝጋቢዎችም አሉ። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመዘገብ መቶ በመቶውን ያስገቡ ነበሩ፤ ሙሉ የከፈለ ይቀድማል በሚል ተስፋ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣ ሲወጣ ሙሉ የከፈለውና 40 በመቶ የቆጠበው አብረው ተሰለፉ፤ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። መንግሥት ራሱ ገዢ ሲሆን ግን እንዲህ አያደርግም። በፌዴራል ግዥ ለተቋራጭ የሚሰጠው የቅድሚያ ክፍያ ከ30 በመቶ አይበልጥም፣ ያም የሚሰጠው እኩያ መጠን ያለው ዋስትና ሲቀርብ ነው። ለራሱ ብልህ የሆነ ገዢ ዜጋው ያለ ዋስትና መቶ በመቶ ሲከፍል ምን እንደሚሰማው ቢጠየቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ግሬፕቫይንም ሆነ ጋርላንድ ያለው አንባቢ እጅ ላይ ያለው መሣሪያ የተሻለ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1975 ጀምሮ ባለው ደንብ ሻጭ በነገረው ቀን፣ ቀን ካልነገረ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ዕቃውን መላክ አለበት። ካልቻለ ለገዢው አሳውቆ “ትጠብቃለህ ወይስ ገንዘብህ ይመለስ?” ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው። ደንቡ ጥርስ አለው። በ1999 የገና ሰሞን ዕቃ ያዘገዩ ሰባት የኢንተርኔት ቸርቻሪዎች በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥተዋል። በ2020 ፋሽን ኖቫ የተባለው የልብስ ሻጭ ያልላከውን ዕቃ በገንዘብ ፈንታ በስጦታ ካርድ ሊተካ በመሞከሩ 9.3 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

ገዢው አንዴ እሺ ብሎ ከጠበቀ በኋላም ሻጩ አዲሱን ቀን ካሳለፈ እንደገና መጠየቅ አለበት፤ ነገር ግን ገዢው እሺ ባለ ቁጥር ባንኩ የሚሰጠው ጊዜ ያልፍበታል። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው “ያልደረሰኝን ዕቃ አስከፍላችሁኛል” ብሎ ለባንኩ በጽሑፍ እንዲያመለክት በ1974 የወጣው ሕግ የሚሰጠው ጊዜ ሂሳቡ ከተላከበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። አንዳንድ ባንክ ከዚህ በላይ ይታገሣል፤ ሊታገሥ ግን አይገደድም። ሻጩ ቀኑን ሁለት ጊዜ በወር በወር ከገፋ 60ው ቀን አለቀ፤ ሦስተኛው “በቅርቡ” ሲመጣ ደንበኛው በዚህ ሕግ ለባንኩ የሚያመለክትበት ጊዜ አልፎበታል። ስለዚህ ኪቦርድም ይሁን ሌላ ዕቃ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ቀን መቁጠር ያለበት ዕቃው ይመጣል ከተባለበት ዕለት ሳይሆን ካርዱን ከመዘዘበት ወር ሂሳብ ነው፤ የመጀመሪያው የይቅርታ መልእክት ሲደርሰውም ባንኩ የሰጠው ጊዜ ስንት ቀን እንደቀረው አይቶ መልስ ይስጥ።