አስም የሚሠራላት አይጥ

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ወናጎ ትገኛለች። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት የዚህችን ወረዳ የገጠር ተማሪዎች ሰገራ መርምሮ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአንጀት ትል እንዳለባቸው አረጋገጠ። ነገሩ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ግን ከአስም ምርምርም ጋር ይገናኛል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የጅማ ጥናት፣ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለት ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ትሉ ራሱ ይሆን የሚከላከለው? ይህን ለማጣራት አይጥ ታስፈልጋለች።

አይጥ በተፈጥሮዋ አስም አይዛትም፤ ስለዚህ ይሠራላታል። የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን ከአሉሚኒየም ጨው ጋር ተቀላቅሎ ሆዷ ውስጥ ይወጋል። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ከዚያ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ትገባና ያንኑ ፕሮቲን በጉም መልክ ለተከታታይ ቀናት ትተነፍሳለች። ሰውነቷ ፕሮቲኑን አስቀድሞ በጠላትነት ስለፈረጀው ሳንባዋ ይቆጣል፤ ኢኦሲኖፊል የሚባሉት የነጭ ደም ሴሎች ይወሩታል፣ የአየር ቧንቧዋም በአክታ ይጠባል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የኤድንብራ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ አይጦችን በአንጀት ትል ሲያስይዟቸው የሳንባቸው ቁጣ በረደ። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፦ ትል ካለባቸው አይጦች የተወሰዱ ሴሎች ትል ለሌለባቸው ሲሰጡ እነዚህም ቁጣው ቀለለላቸው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ግን በእንግሊዝ ኖቲንግሃም 32 የአስም ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት ወጣ። ለከፊሎቹ 10 የመንጠቆ ትል እጮች በቆዳቸው እንዲገቡ ቢደረግም በሕመማቸው ላይ ጉልህ መሻሻል አልታየም።

ይህ አይጧን ከንቱ አያደርጋትም። ቁጣው በየትኛው ሴል እንደሚበርድ ያሳየችው እሷ ናት። ነገር ግን እርስ በርሳቸው በዘር አንድ ከሆኑ አይጦች መካከል በንጹሕ ቤት ያደገች ናት፤ አስሟም የሳምንታት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። የወናጎ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የምድጃ ጭስ እየተነፈሰ፣ በተደጋጋሚ በትል እየተያዘ ያድጋል። ትሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ በወናጎ ጎልቶ የተገኘው ጅራፍ መሰሉ ትል እንጂ መንጠቆ ትል አይደለም።

መንጠቆ ትል ደም ስለሚመጥና የደም ማነስ ስለሚያመጣ፣ የትል መድኃኒት ለተማሪዎች መስጠቱ ሊቆም አይገባም። እኔ የምመኘው መድኃኒቱን የሚወስዱትን ልጆች ትንፋሽ እዚያው በየዓመቱ የሚለካ ጥናት ነው።