ተክሊልና መዝገብ

በከፋ፣ በቦንጋ አቅራቢያ በምትገኘው በማንኪራ ባልና ሚስት ቡናቸውን አብረው ይለቅማሉ። ባል ድንገት ቢሞትና ዘመዶቹ «ሚስትነትሽ በምን ይታወቃል?» ቢሏት፣ ያቺ ሴት ምን ትመልሳለች?

ካህናት የባረኩት ጋብቻ በመንግሥት ሕግም ዘንድ የጸና ነው። ወረቀት ባይኖር በምስክር ማስረዳት ይቻላል፤ ዳሩ ግን ምስክር ይረሳል፣ ይሞታልም። ስለዚህ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ጋብቻ ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። መዝገቡ የሙሽሮቹንም ዕድሜ ይጠይቃል፤ 18 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ማግባት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣልና።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ቀበሌው መዝገብ መሄድን የሠርጉ ፍጻሜ አድርጉት። ለልጃችሁ ከምትሰጡት ስጦታ ሁሉ ይህ ወረቀት በክፉ ቀን ይበልጥባታል።