ግጥምን እስከ መጨረሻው ማንበብ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኤክሰተር ካቴድራል፣ አንድ ሺህ ዓመት የተሻገረ የብራና መጽሐፍ ይገኛል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አንድ ቁም ጸሐፊ የገለበጠው ነው፤ ለካቴድራሉ የሰጡት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1072 ያረፉት ጳጳስ ሊዮፍሪክ ናቸው። ከጥንቱ የእንግሊዝኛ ግጥም ለእኛ ዘመን የደረሰው ጥቂት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁ ስብስብ ይኸው መጽሐፍ ነው። አብዛኞቹ ግጥሞች የደራሲ ስም የላቸውም፤ ርእስም አልተጻፈላቸውም፤ ስንኞቹም እንደ ዝርው ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ተያይዘዋል። ከእነዚህ አንዱ ለሆነውና ዛሬ «ባሕረኛው» ለሚባለው ግጥም ስሙን ያወጡለት የኋለኛ ዘመን ሊቃውንት ናቸው። ማን እንደ ገጠመው፣ መቼና ለማን እንደ ገጠመው የሚነግረን ምስክር ስለሌለ፣ ጭብጡን የምንፈልገው በራሱ በግጥሙ ውስጥ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ግጥም ሊፈታ የሚነሣ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው፣ የወደደውን ክፍል መርጦ ሌላውን መተው ሳይሆን፣ የደረሰውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው እላለሁ።

ግጥሙ የሚጀምረው በመከራ ነው። ተናጋሪው በክረምት ባሕር ላይ ብቻውን ያሳለፈውን ይዘረዝራል። ውርጭ እግሩን እንደ እግር ብረት አስሮታል፤ በዙሪያው የበረዶ ዘለላ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡን ረኃብ ይሞረሙረዋል። ሰዎች በአዳራሽ ተሰብስበው ጠጅ እየጠጡ በሚስቁበት ሰዓት እርሱ የሚሰማው የባሕር ወፎችን ጩኸት ነው። ከዚያ ጸደይ ይመጣል፤ ዛፎች ያብባሉ፤ መስኩ ያምራል። ሰውየው ግን በዚህ ሁሉ ውበት መካከል የሚናፍቀው ያንኑ ያሠቃየውን ባሕር ነው። ከእኩሌታው በኋላ ባሕሩ ከግጥሙ ይጠፋና ስለ ሀብት ከንቱነት፣ ስለ ሞትና ስለ እግዚአብሔር ፍርድ የሚናገር ትምህርት ይከተላል፤ መዝጊያውም አሜን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን የተመለከቱ ተመራማሪዎች፣ የፊተኛው ክፍል ከክርስትና በፊት የነበረ የጀግኖች ዘመን ድምፅ ነው፣ የኋለኛው ግን አንድ መነኩሴ የቀጠለበት ስብከት ነው ወደሚል ሐሳብ አዘነበሉ። አሜሪካዊው ገጣሚ ኤዝራ ፓውንድም እ.ኤ.አ. በ1911 ግጥሙን በዘመኑ እንግሊዝኛ ሲያወጣው መጨረሻውን ቆርጦ አስቀረው።

ይህን አስተያየት ግጥሙ ራሱ አይቀበለውም። መጀመሪያው ላይ፣ እግሩ በውርጭ በታሰረበት በዚያው ቦታ፣ ባሕረኛው ጭንቀት ልቡን ዙሪያውን እንደሚያቃጥለው ይናገራል። ሰውነቱ በርዷል፣ ልቡ ግን ይነድዳል። ከስልሳኛው ስንኝ በኋላ፣ ሁለቱ ክፍሎች በሚገጣጠሙበት ላይ፣ ለምን ባሕሩን እንደሚመርጥ ሲያስረዳ፣ የጌታ ደስታ ከዚህ ሙትና አላፊ የየብስ ሕይወት ይልቅ ለእርሱ የሚያቃጥል እንደሆነ ይገልጻል። ያን ሁሉ ብርድ የዘረዘረ ገጣሚ እምነቱን በሙቀት መግለጹ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። መጀመሪያ ላይ ከጭንቀት የመጣው ትኩሳት እዚህ ከናፍቆት ይመጣል። የፊተኛው ክፍል ይህን ቦታ እያዘጋጀ ነበር ማለት ነው፤ ሃይማኖቱም በመጨረሻ የተለጠፈ ሳይሆን ከመከራው የበቀለ ነው።

የፓውንድ ሥራ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በግጥሙ አጋማሽ ላይ ስለ ዝና የሚናገር ቦታ አለ። ሰው ከሞተ በኋላ የሚቀርለት መልካሙ ነገር የሕያዋን ምስጋና ነው የሚለው የጀግኖቹ ዘመን እምነት በግልጽ ይነገራል። ገጣሚው ግን በዚያው እስትንፋስ፣ ያ ዝና የሚገኘው ዲያብሎስን በመታገል እንደሆነና ምስጋናውም ከመላእክት ጋር እንደሚኖር ይጨምራል። በፓውንድ ግጥም ዲያብሎስ የለም፤ መላእክቱም እንግሊዛውያን ሆነዋል። ክርስትናውን ለማውጣት ጅራቱን መቁረጥ ብቻ አልበቃውም፤ ወገቡንም መንካት ነበረበት። ጥቂት ወረድ ብሎም ገጣሚው፣ ወንድም የወንድሙን መቃብር በወርቅ ቢሞላ ወርቁ ለኃጢአተኛ ነፍስ እንደማይረዳ ይናገራል። ይህ ከባዶ የመጣ ስብከት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 በሰፎክ ግዛት፣ ሰተን ሁ በሚባል ስፍራ፣ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆየ መቃብር ሲቆፈር፣ አንድ ሙሉ መርከብ የያዘው ቦታ ከነወርቁ ተገኝቷል። ገጣሚው እንዲህ ያለውን ልማድ ያውቃል፤ የሚመልሰውም ለእርሱ ነው።

በሌላው ጽንፍ ደግሞ ባሕሩ ምሳሌ ብቻ ነው፣ መርከቡም የሰው ነፍስ ነው የሚሉ አሉ። ለዚህ መልስ የሚሆነው እንግሊዛዊቷ የታሪክ ሊቅ ዶሮቲ ዋይትሎክ እ.ኤ.አ. በ1950 ያቀረበችው ማስረጃ ነው። በዚያ ዘመን ለእግዚአብሔር ፍቅር ሲሉ አገራቸውንና ዘመዳቸውን ትተው የሚመንኑ ሰዎች በእውነት ነበሩ። የአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል በ891 ዓመት ታሪኩ፣ ሦስት የአየርላንድ ሰዎች ለሰባት ቀን የሚበቃ ስንቅ ይዘው፣ መቅዘፊያ በሌላት የቆዳ ጀልባ ወደ ንጉሥ አልፍሬድ አገር እንደ ደረሱ መዝግቧል፤ የትም ቢሆን ለአምላክ ፍቅር ስደተኛ መሆን ፈልገው ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ውርጩም ረኃቡም እውነተኛ ነበር፤ ትርጉም ያለው ግን ለሌላ ነገር ሲሉ ስለተሸከሙት ነው።

ብርቱ የሆነው ተቃውሞ ሌላ ነው። የመጨረሻዎቹ ስንኞች ከፊተኞቹ ይደክማሉ፤ ምጣኔያቸውም አልፎ አልፎ ይናጋል፤ አንድ ቁም ጸሐፊ ሁሉንም መገልበጡም አንድ ሰው ሁሉንም ገጠመ ማለት አይደለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ጥቂት ስንኞች በሌላ እጅ ገብተው ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን የስንኝ መድከም የባዕድ እጅ ምልክት አይሆንም፤ ሐሳቡም አልተበጠሰም። ግጥሙ ቤት በሌለው አንድ ሰው ይጀምራል፤ በመጨረሻው ደግሞ «እኔ» ማለቱን ትቶ «እኛ» ይላል፤ ቤታችን የት እንደሆነና ወደዚያ እንዴት እንደምንደርስ እናስብ ብሎ ይጋብዛል። ይህን ጥያቄ ያነሣ ሰው ወይም የጨመረ ሰው፣ የፊተኛውን ክፍል በሚገባ የተረዳ ሰው ነው።

መጨረሻውን የቆረጡት ሰዎች ከግጥሙ ያገኙት የራሳቸውን ዘመን ጣዕም ነው፤ ባሕሩን ምሳሌ ብቻ ያደረጉት ደግሞ የሰውየውን ሥቃይ አቅልለውታል። የጥንት ግጥም የሚጠቅመን ከእኛ የተለየ ልብ ምን እንደሚያምን ሲያሳየን ነው። ለዚያ የሚያበቃን ደግሞ፣ ባንስማማበትም እንኳ፣ ያ ልብ የተናገረውን ሁሉ መስማት ነው።