ሚሊዮን እንቍላል የምትጥል ዓሣ ታልቃለችን?

ውድ አንባቢ፤ በጾም ወራት ከምግብ ቤት ገብተው የዓሣ ጥብስ ሲያዝዙ፣ ዓሣው ከየትኛው ውሃ እንደ ተጠመደ አስበው ያውቃሉን? ዘወትር የምንሰማው የዝዋይ፣ የጫሞና የጣና ስም ነው። ዛሬ ግን ወደ ምዕራቡ ጠረፍ፣ በጋምቤላ ክልል ወደሚገኘው ወደ ጎግ ወረዳ እንወስድዎታለን።

ጎግ የአኙዋ ሕዝብ አገር ነው። የጊሎ ወንዝ ከደጋው ወርዶ ያቋርጠውና ከፒቦር ወንዝ ይገባል፤ ፒቦርም ከባሮ ጋር ተገናኝቶ፣ ሶባት ተብሎ ወደ ነጭ ዓባይ ይፈስሳል። ታታ የሚባለው ሐይቅም በዚሁ ወረዳ ይገኛል። ዓሣ ለአገሩ ሰው ቅንጦት ሳይሆን የዘወትር ምግብ ነው፤ ከቤት የተረፈውም ደርቆ ለገበያ ይወጣል።

በባሮና በጊሎ ውሃ ከሚኖሩት ዓሦች ታላቁ ናይል ፐርች ነው። ይህ ዓሣ ዕድሜ ካገኘ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ክብደቱም 200 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ይኸውም የሦስት ሰዎች ክብደት መሆኑ ነው። በልጅነቱ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትን ይለቅማል፤ ሲጐለምስ ግን ዓሣ በል ይሆናል፤ የገዛ ወገኑን ልጆች እንኳ አይምርም። እንስቲቱ ከወንዱ ትበልጣለች፤ ትልቋም በአንድ ወራት ሚሊዮን የሚቈጠር እንቍላል ትጥላለች። ከዚያ ሁሉ ለአካለ መጠን የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው።

በክረምት ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብስ፣ ጫጩቶቹ በሣሩ መካከል ምግብና መሸሸጊያ ያገኛሉ። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ግን ዓሣው በየኩሬው ይታጐራል። አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ጭቃውን ይታገሣል፤ ናይል ፐርች ግን ንጹሕ አየር ያዘለ ውሃ ካላገኘ ይሞታል። አጥማጁም በቀላሉ የሚይዘው በዚሁ ጊዜ ነው።

«ይህን ያህል እንቍላል የሚጥል ፍጥረት እንዴት ያልቃል?» ይሉ ይሆናል። መልሱን ከሩቅ አገር እናምጣ። በካናዳ ምሥራቅ፣ በኒውፋውንድላንድ አጠገብ ባለው ቀዝቃዛ ባሕር ኮድ የሚባል ዓሣ አለ፤ የእርሱም እንስት እንቍላሏን በሚሊዮን ትጥላለች። ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት አጠመዱት፤ አላለቀም። ኋላ ግን ታላላቅ የሞተር መርከቦች መጡና፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ብቻ ከ800,000 ቶን በላይ ተያዘ። አዋቂዎቹም የቀረውን ዓሣ ከልክ በላይ ገመቱ። በመጨረሻ ሰኔ 25 ቀን 1984 ዓ.ም. መንግሥት ለንግድ ማጥመድን ከለከለ፤ 30,000 ያህል ሰዎችም ሥራ ፈቱ። ክልከላው የተነሣው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያውም ለዓመቱ የተፈቀደው 18,000 ቶን ብቻ ነበር።

እንግዲህ እንቍላል ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ገና ያልወለደችውን ይለቅማል፤ ትልልቆቹ እናቶች ሁሉ ከተያዙም ዘር የሚተካ ይጠፋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 ለንግድ የሚያጠምድ ፈቃድ እንዲይዝ ያዝዛል። አዋጅ ግን በወረቀት ላይ እንዳለ ዓሣን አይጠብቅም።

ተማሪው ወይም ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ፤ ነገ የሥራ ምደባዎ እንደ ጎግ ካለ ወረዳ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መዝገብና ሜትር ይዘው ከገበያው ይውረዱ፤ የመጣውን ዓሣ ቁመት በየወሩ ይጻፉ። ቁመቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ከሄደ፣ ወንዙ ማስጠንቀቂያ እየሰጠ ነው። ያን ጊዜ ከአጥማጆቹ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ስለ መረቡ ዓይንና ስለ መራቢያው ወራት መመካከር ይቻላል፤ ገበያው ባዶ ከሆነ በኋላ ግን ምክር አይረባም።